አዲሷ ፒካፕ፦ ቀለሙን ላስጠብቅ ወይስ ልተወው? የስምንት ወር የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 0፣ ኦክቶበር

ቶዮታ ታኮማ ናት። ሰማያዊ፣ ባለ አራት በር። የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ከእሷ በፊት አንድ ኮሮላ 11 ዓመት ነድቻለሁ። ይቺን ቢያንስ 15 ዓመት ልይዛት ነው ያሰብኩት። ከታች ያለው ስሌት ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። በየሦስት ዓመቱ መኪና የሚለውጥ ሰው ሌላ ውሳኔ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ወረቀት ልፈርም ስቀመጥ የፋይናንስ ክፍሉ ልጅ "የቀለም መከላከያ ፓኬጅ" አቀረበልኝ። ዋጋው 1,499 ዶላር። በ72 ወር ሲከፋፈል በወር 26 ዶላር ገደማ ነው አለኝ። ውሉን ልየው አልኩት። ከሚሸፍነው ይልቅ የማይሸፍነው ይበዛል። የጠጠር ምት አይሸፍንም። የበረዶ ምት አይሸፍንም። ጭረትም አይሸፍንም። በዓመት አንዴ እነሱ ጋ ወስጄ ካላስመረመርኩ ዋስትናው ይቋረጣል። የሚቀባው ነገር ምን እንደሆነ የትም አልተጻፈም፤ የንግድ ስም ብቻ ነው ያለው።

"ነገ ልደውልልህ" ስለው ዋጋው 899 ሆነ። በአምስት ደቂቃ 600 ዶላር ወረደ። አልፈረምኩም። ግን ጥያቄውን ቤት ይዤው ገባሁ። ቀለሙን መጠበቅ ያስፈልጋል ወይ? ካስፈለገስ በምን?

አንድ ስህተት እዚያው ሠርቻለሁ። "መኪናዋን አትጠቡብኝ፣ ከፋብሪካ እንደመጣች ስጡኝ" ብዬ በቃል ብቻ ነው የነገርኳቸው። ስደርስ ታጥባ፣ ደርቃ፣ እያብለጨለጨች ቆማለች። ይህን ነገር በጽሑፍ አስይዙ።

ሳምንት 1

ማታ ነዳጅ ስቀዳ በማደያው መብራት ኮፈኑን አየሁት። ሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት። ገና 90 ማይል ያልሄደች መኪና ናት። በቆሸሸ ጨርቅ ነው የተወለወለችው። ቤት ገብቼ በኤልኢዲ ባትሪ ዞርኳት። ኮፈኑና የሾፌሩ በር ላይ ይብሳል፤ ጣሪያው ንጹሕ ነው። እጃቸው አልደረሰም መሰለኝ።

የቀለም ውፍረት መለኪያ በ45 ዶላር ገዛሁ። በሮቹ ላይ ከ108 እስከ 121 ማይክሮን አነበብኩ። የፕላስቲኩን ፓራውልት አያነብም። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከብረቱ ስንነሳ መጀመሪያ ፀረ ዝገት ሽፋን አለ፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ ከላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን። አራቱ ተደምረው ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ናቸው። ከዚያ ውስጥ ክሊሩ 40 ወይም 50 ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር 70 አካባቢ ነው። ፀሐይን የሚችለውም፣ ብልጭታውን የሚሰጠውም ይህ ከፀጉር የቀጠነ ሽፋን ነው። ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር ከእሱ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ "ቢጫጫር በፖሊሽ ይጠፋል" የሚባለው ነገር ገደብ አለው።

ይህን ካየሁ በኋላ መኪናዋን ምን እንደሚጎዳት ማሰብ ጀመርኩ። ዴንቨርና አካባቢዋ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ቆዳው ያውቀዋል። ክረምት ላይ መንገድ ላይ ማግኒዚየም ክሎራይድ የሚባል በረዶ ማቅለጫ ጨው ይረጫል፣ አሸዋና ጠጠርም ይበተናል። እኔ ደግሞ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ለሥራ በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ተራራው እወጣለሁ። ከአይዘንሃወር መተላለፊያ ዋሻ ማዶ ነው የምሄደው። ዋሻው 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዋናው ጠላቴ ጠጠር እንደሚሆን ጠርጥሬ ነበር።

ሳምንት 2

አልቆየም። አይዳሆ ስፕሪንግስን አልፌ አንድ ገልባጭ መኪና ፊቴ ገባ። ጠ! አለ። ስደርስ ወርጄ አየሁ። ኮፈኑ ጫፍ ላይ ሁለት ሚሊሜትር የምታህል ነጭ ነጥብ። ስታዩት ትንሽ ናት። ለእኔ ግን ያን ቀን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋችም።

የቀለሙ ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ባለው ወረቀት ተጽፏል፤ ሲ/ቲአር ከሚለው ጎን ነው። በዚያ ቁጥር ባለብሩሽ የቀለም ብዕር በ23 ዶላር አዘዝኩ። መጀመሪያ በራሱ ብሩሽ ቀባሁት። ተቆለለ። ነጥቧ ጎድጓዳ ነበረች፣ አሁን ጉብታ ሆነች። እርጥብ እያለ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠረግሁት። ሁለተኛ ጊዜ በስቴኪኒ ጫፍ፣ ጠብታ ጠብታ እያደረግሁ፣ በየመሐሉ አንድ ሰዓት እያስደረቅሁ ሦስት ጊዜ ሞላሁት። በመጨረሻ ክሊር። አሁን ያላወቀ ሰው አያያትም። ብሩሹን ጣሉት፣ ስቴኪኒ ተጠቀሙ።

ሳምንት 3፣ ዋጋ ማጠያየቅ

አራት ቦታ ጠየቅሁ። የቀረቡልኝ አማራጮች እነዚህ ናቸው።

ሙሉ አካሏን ፒፒኤፍ (ቀለሙ ላይ የሚለጠፍ መከላከያ ፊልም) ማልበስ 6,200 ዶላር። ፊቷን ብቻ፣ ማለትም ሙሉ ኮፈን፣ ሁለቱ ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ የፊት መብራትና ስፖኪዮዎቹ፣ ከ2,100 እስከ 2,400። የኮፈኑን ግማሽ ብቻ 950። ሴራሚክ ኮቲንግ በባለሙያ፣ ፖሊሽ ጨምሮ፣ 1,200።

ብዙ ሰው ፒፒኤፍንና ሴራሚክን ያምታታል፤ እኔም አምታትቼ ነበር። ፒፒኤፍ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ነው፣ ዩረቴን። 200 ማይክሮን ገደማ ይወፍራል፣ ከቀለሙ ሁሉ ድምር ይበልጣል። መነሻው በቬትናም ጦርነት ጊዜ የሄሊኮፕተር ተሽከርካሪ ክንፎችን ከአሸዋና ከፍንጣሪ ለመከላከል የተሠራ ፊልም ነው። ጠጠር ሲመታው ምቱን ይውጣል። ቀጭን ጭረት ሲያገኘው በፀሐይ ወይም በሙቅ ውሃ መልሶ ይገጥማል።

ሴራሚክ ፈሳሽ ነው። ሲደርቅ አንድ ሁለት ማይክሮን የሚሆን ጠንካራ ሽፋን ይተዋል። ውሃ ያንሸራትታል፣ ቆሻሻ አጥብቆ እንዳይዝ ያደርጋል፣ ማጠብን ያቀላል። ጠጠር ግን አያቆምም። "9ኤች ጥንካሬ" ብለው ይሸጡታል። ያ ቁጥር የእርሳስ መለኪያ ነው። ተማሪ ቤት ኤችቢ እርሳስ እንል የለ? የዚያው ወገን ነው። 9ኤች እርሳስ አይጭረውም ማለት እንጂ ድንጋይ አይጎዳውም ማለት አይደለም። አንዱ ሻጭ "ከዚህ በኋላ ጠጠር አያሳስብህም" ብሎ ሴራሚክ ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር። ስልኩን በትሕትና ዘጋሁ።

ከዚያ ተገላቢጦሹን ጠየቅሁ። ምንም ባላደርግና ከአምስት ዓመት በኋላ ኮፈኑንና ፓራውልቱን ባስቀባስ? 1,800 ዶላር ገደማ አሉኝ። ከፊልሙ ያነሰ ነው። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ለመተው ተቃርቤ ነበር። ሁለት ነገር መለሰኝ። አንደኛ፣ ፋብሪካ በፀረ ዝገት ገንዳ ነክሮ፣ በከፍተኛ ሙቀት ጋግሮ የሚያወጣውን ቀለም ጋራዥ ውስጥ መድገም አይቻልም። ሁለተኛ፣ በእኔ አነዳድ አምስት ዓመት አይቆይም፤ በ15 ዓመት ውስጥ ሁለት ሦስቴ ማስቀባት ይመጣል።

በዚያ ሳምንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከባድ መኪና የሚነዱ አንድ ታላቅ ሰው መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩልኝ። 20 ዓመት መንገድ ላይ ናቸው። ስለ ፊልሙ ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ቀለሙንማ ዓይንህ ያየዋል" አሉኝ። "ከስር ያለውን ሻንሲ ማን ያይልሃል? ያ ጨው ውሃ የሚገባው እዚያ ነው።"

"እሱን አላሰብኩትም ጋሼ።"

"አስብበት። እኔ በቀለም ምክንያት የተጣለ መኪና አላየሁም።"

ይህ ንግግር የሥራውን አቅጣጫ ለወጠው። ቤት ገብቼ አነበብኩ። ቶዮታ በ2016 የታኮማ፣ የተንድራና የሴኮያ ሻንሲ ዝገትን በተመለከተ የቀረበበትን የጋራ ክስ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ነው የዘጋው። መኪኖቹ የቆዩ ሞዴሎች ናቸው፤ የእኔ አይደለችም። ግን ችግሩ የደረሰው በዚሁ ስም በሚጠራ መኪና፣ በዚሁ ዓይነት ሻንሲ ላይ ነው። የጭነት ሳጥኗ ውስጡ ኮምፖዚት ስለሆነ አይዝግም። ሻንሲው ግን ብረት ነው።

ስለዚህ በጀቱን ከፈልኩት። ፊቷን ፊልም በባለሙያ። የታችኛውን የጎን ክፍል ፊልም በራሴ። ቀሪውን አካል ሴራሚክ በራሴ። ከስር ዝገት እንዳይዝ የላኖሊን ዘይት በራሴ።

ሳምንት 4፣ ፊልም በእጄ

በቅድሚያ በ70 ዶላር የጭቃ መከላከያ ላስቲክ ለአራቱም ጎማ አስገባሁ። ከሁሉ ርካሹ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ቀን ላይ ማድረግ ነበረብኝ። ከበሮቹ በታች ያለውን ክፍል የሚደበድበው የራሷ የፊት ጎማ የሚወረውረው ጠጠር ነው።

ለመኪናዋ ልክ የተቆረጠ የፊልም ስብስብ በ110 ዶላር ገዛሁ፤ የበሮቹ ግርጌና ከኋላ ጎማ ፊት ያለው ቦታ። ውሃ መግፊያ ላስቲክ፣ የሚረጭ ጠርሙስና ብናኝ የማይተው ጨርቅ 25 ዶላር። ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል። አንዱ ውሃ ከጥቂት ጠብታ የሕፃን ሻምፑ ጋር፦ ፊልሙ እንዲንሸራተት። ሌላው ውሃ ከአልኮል ጋር፦ ጫፉ እንዲይዝ።

የመጀመሪያው ቁራጭ ተበላሸ። ጋራዡን ለማሞቅ ማራገቢያ ያለው ማሞቂያ ከፍቼ ነበር። አቧራውን ሁሉ አስነስቶ ፊልሙ ስር አስገባልኝ። አንስቼ ለማጠብ ስሞክር ሳብኩት፣ ተለጠጠ፣ መስመር መስመር ሠራ። ፊልም ከልክ በላይ አንዴ ከተለጠጠ አይመለስም። ምትኩ 48 ዶላር።

በሁለተኛው ዙር ማሞቂያውን ቀድሜ አጠፋሁ፣ ወለሉን በውሃ አራስኩ፣ ፊልሙን ከሁለቱም ወገን አብዝቼ ረጨሁ። ከመሐል ወደ ዳር ውሃውን ገፋሁት። ጫፍ ላይ በአልኮሉ ረጭቼ ሁለት ደቂቃ ጠበቅሁ። ያዘ። ከስድስቱ ቁርጥ አምስቱ ጥሩ ናቸው፤ አንዱ ውስጥ ሁለት የአቧራ ነጥብ ቀርቷል። ከታች ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ኮፈኑን ግን በራሴ አልሞክርም። ሰፊ ነው፣ ጠርዙ ይታጠፋል። ለባለሙያ 2,150 ከፈልኩ። ከመስጠቴ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ አጥብቄ ጠይቄያለሁ፦ ፊልሙን የምትቆርጡት በማሽን አስቀድማችሁ ነው ወይስ መኪናው ላይ በምላጭ? በምላጭ የሚቆርጥ ሰው እጁ ትንሽ ከከበደ ቀለሙን ይሰነጥቀዋል፤ ይህም የሚታየው ፊልሙ የተነሳ ቀን ነው። በማሽን ነው አሉኝ። በሦስት ቀን ሰጡኝ። ከሳምንት በኋላ የግራ ስፖኪዮ ላይ ጠርዙ ተነሳ፤ ወስጄ ያለ ክፍያ አስተካከሉልኝ።

ሳምንት 6፣ ሴራሚክ

ዝግጅቱ ከመቀባቱ በላይ ጊዜ ይወስዳል። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሄደ። በሻምፑ ማጠብ፣ በሁለት ባልዲ፤ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ጨርቁን ማለቅለቂያ። ከዚያ የብረት ብናኝ ማስለቀቂያ። ሲረጭ ብናኙ ባለበት ሐምራዊ ሆኖ ይወርዳል። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፤ በር ክፈቱ። አዲስ መኪና ላይ ምን ይወጣል ብዬ ነበር። የኋላ በሩና ጣሪያው ሐምራዊ ሆኑ። በባቡርና በመርከብ ስትጓጓዝ ያነሳችው ነው። ከዚያ ክሌይ፣ ማለትም የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ ጭቃ መሰል ነገር። ሻምፑ፣ ማስለቀቂያ፣ ክሌይና ፎጣ በድምሩ 92 ዶላር።

የፖሊሽ ማሽን 130፣ ስፖንጅና ለስላሳ ፖሊሽ 55። የሽያጭ ቤቱ ጨርቅ የተወልኝን ክብ ጭረት በሁለት ዙር አነሳሁት። ከዚያ ለካሁ፤ መለኪያዬ ልዩነት አላሳየኝም። ስለዚህ ያነሳሁት በጣም ትንሽ ነው። ኮፈኑ ላይ ያለው ጭረት ግን ከፊልሙ ስር ቀረ። ይህ ትልቁ የቅደም ተከተል ስህተቴ ነው። ፖሊሹ ከፊልሙ በፊት መሆን ነበረበት። ፀሐይ በጎን ስትመታው ይታየኛል፣ እስከ ፊልሙ ዕድሜ መጨረሻም ይታየኛል። ፊልም ልታስለጥፉ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ በባትሪ አጣሩ።

እሑድ ሴራሚኩን ቀባሁ። 85 ዶላር፣ ትንሽ ጠርሙስ። በመጀመሪያ በአልኮል ጠርጎ ቅባት ማስወገድ። ከዚያ ጎን ለጎን ክንድ በክንድ እያደረጉ መቀባት፣ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ሲያወጣ በማይክሮፋይበር መጥረግ። ሞቅ ባለ ጋራዥ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው የሚጠበቀው። የእኔ ጋራዥ ያን ቀን 9 ዲግሪ ነበር። ምርቱ ከ10 በላይ ይላል። "አንድ ዲግሪ ምን ታመጣለች" ብዬ ቀጠልኩ።

አመጣች። ቀስተ ደመናው በሰዓቱ አልታይ አለኝ። የኋላ በሩ ላይ ሳልጠርገው ያለፍኩት ቦታ በነጋታው የጠቆረ ዘይት ጠብታ መስሎ ደርቋል። በእጅ አይለቅም። በማሽን ፖሊሽ አንስቼ ያን በር እንደገና ቀባሁት። ሦስት ሰዓት። ከሥራ በኋላ፣ ማታ። በሚቀጥለው ጊዜ ሴፕቴምበር ላይ ነው የምሠራው።

ለ24 ሰዓት ውሃ መንካት የለበትም ይላል። ማክሰኞ ስኖው ጣለ። መኪናዋን ጋራዥ ውስጥ ትቼ በባለቤቴ መኪና ሥራ ሄድኩ።

ዲሴምበር፣ ከስር

ዘግይቻለሁ። መንገዱ ላይ ማግኒዚየም ክሎራይድ ከተረጨ በኋላ ነው ከስር የገባሁት። ይህ ጨው እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ደረቅ በመሰለ ቀን እንኳ ብረቱ ላይ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ ከስሯ በደንብ ማጠብና ሁለት ቀን ማድረቅ ነበረብኝ። ኦክቶበር ላይ ብሠራው ይህ ሁሉ ባልኖረ።

የላኖሊን ዘይት አንድ ጋሎን 65 ዶላር፣ በኮምፕሬሰር የሚሠራ መርጫ 40። ላኖሊን የበግ ፀጉር ቅባት ነው። አይደርቅም፣ ተለጥፎ ይቆያል። መርጫው ረጅም ቱቦ አለው፤ ሻንሲው ውስጥ ባሉት ቀዳዳዎች አስገብቼ ውስጡን ረጨሁ። ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። የፍሬን ዲስኮችን በፕላስቲክ ሸፈንኩ። ጭስ ማውጫውን ራቅሁት። ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ አንድ በአንድ አየሁ። ፀጉሬና ጃኬቴ በግ በግ ሸተተ። በየዓመቱ መደገም አለበት፤ የስልኬ ካሌንደር ላይ ኦክቶበር 1 ብዬ አስገብቻለሁ።

ማርች፣ ከክረምቱ በኋላ

እስካሁን ያወጣሁት 2,938 ዶላር ነው። ከዚያ ውስጥ 2,150ው የፊቱ ፊልም። የቀረው 788 መሣሪያ፣ ፈሳሽና የተበላሸ ፊልም።

ከተራራው ተመልሼ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከፊት እስከ ኋላ በባትሪ መረመርኳት። ፊልሙ ላይ ዘጠኝ የጠጠር ምልክት ቆጠርኩ። ስምንቱ ሥር ቀለሙ ደህና ነው። አንዱ ፊልሙን በስቶ ቀለሙን ነክቷል፤ ትልቅ ድንጋይ ነበር፣ ድምፁን አስታውሰዋለሁ። ፓራውልቱ ላይ የነበሩት ቀጫጭን ጭረቶች ሙቅ ውሃ ሳፈስባቸው ጠፉ። ልጄ ቆሞ እያየ "አባዬ፣ ድገመው" አለኝ።

ሴራሚኩ የተቀባው አካል በውሃ ግፊት ብቻ አብዛኛው ቆሻሻ ይለቃል። በፊት አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅብኝ እጥበት አሁን 40 ደቂቃ ነው። ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ይህ ሆኗል። ብሩሽ ያለው የመኪና ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አንድም ቀን አላስገባኋትም፤ በውሃ ግፊት ብቻ የሚያጥበውን ነው የምጠቀመው፣ በተለይ ከስር የሚረጨውን።

ያልጠበቅሁት ቦታ ጣሪያው ነው። ከፊት መስታወቱ በላይ፣ የጣሪያው ጫፍ ላይ ሁለት ነጥብ ተነስቷል። ኮፈኑን የሳተ ጠጠር በመስታወቱ ተንሸራትቶ የሚያርፈው እዚያ ነው። አንዳቸውም ዋጋ ሲሰጡኝ ይህን ቦታ አላነሱም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስቴኪኒውን ይዤ ወጣሁ።

ሜይ

የበረዶ ወቅት ገባ። እዚህ የሚጥለው በረዶ አንዳንዴ የጎልፍ ኳስ ያህላል፤ ብረት ያጎደጉዳል። ፊልምም ሴራሚክም ይህን አይመልስም። እሱ የኢንሹራንስ ነገር ነው። ኢንሹራንሴን አየሁት፤ ጉዳት ሲደርስ ከኪሴ የምከፍለው የመጀመሪያ ክፍያ 1,000 ዶላር ነበር። ወደ 500 አወረድኩት፣ በወር 7 ዶላር ጨመረብኝ። ጋራዡን ደግሞ በረዶ ባለበት ቀን እንድትገባ አጸዳሁ። ያረጀው ሶፋ በመጨረሻ ወጣ።

ለጣሪያው ጫፍ 15 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የፊልም ጥቅል በ40 ዶላር አዝዣለሁ። ቀጥ ያለ ቁራጭ ስለሆነ በራሴ እለጥፈዋለሁ። ቅዳሜ፣ ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ወለሉ እርሶ፣ ከፖሊሹ በኋላ።